ስሟ የጠፋብን ወፍ

ጎሕ ሳይቀድ ከቂርያት ጋት ተነሣን፣ ሠላሳ አንድ ጡረተኛ፣
ቀይ ባንዲራ ይዛ ከፊት የምትሄድ አንዲት ልጅ እግር መሪ ለእኛ።
ኦስናት ነው ስሟ። እናቷ አርማጭሆ፣ እሷ አፉላ የተወለደች፤
አማርኛዋ አዲስ ጫማ ነው፣ እያነከሰች ትራመድበታለች።

«ዛሬ ወደ ሸለቆው እንወርዳለን፤ ጉልበት ያለው ይከተለኝ።»
ጉልበት!
ሃያ ስድስት ዓመት የሆስፒታል ወለል ወልውዬበት፣
ለአሙድ ወንዝ ድንጋይ ምን ተረፈኝ?
ወረድሁ እንጂ። ዱላ በአንድ እጄ፣ የአቶ ገላነው ክንድ በአንዱ፣
ሁለት ያዘመሙ ጎጆዎች ተደጋግፈው እንደሚሄዱ።
ከገደሉ አናት ንሥር ያንዣብባል፣ ውሃው ከሥራችን ያጉረመርማል፤
«ይኸ ወንዝ ነው?» አለች አንጓች፤ «በእኛ አገር ይኸን ፍየል ይሻገረዋል።»
ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ኖራ
እግሯ ገብቷል፤ ምላሷ ገና ደጅ ነው።

ማታ በኪቡጹ ማረፊያ ሾርባ ቀረበ፣ ጨው የነካው አይመስልም፤
ከየቦርሳው ሚጥሚጣ ወጣ። መቼስ ሰው ከቤቱ ባዶ እጁን አይወጣም።

በማግስቱ ሁላ።
ኦስናት የድምፅ ማጉያውን እፍ እፍ አለችና፣
«ይኸ ሐይቅ ሞቶ ነበር» አለች፤ «አድርቀው አረሱት።
አፈሩ ነደደ፣ በነነ። ኋላ ተጸጸቱና
ከውሃው ጥቂቱን መለሱለት።»
እኔ እንጃ፣ ይኸን ስሰማ ወሬዬን አቋረጥሁ።
ሐይቅም ይመለሳል ለካ!
ሁሉም ባይሆን፣ እፍኝ እፍኙ፣
በጸጸት ጣሳ እየተለካ።

ትራክተር በሚጎትተው ጋሪ ተጭነን ወደ ዳርቻው ስንቀርብ
ሰማዩ ጮኸ።
ሺህ፣ ሌላ ሺህ፣ ግራጫ ክንፍ፣ ረጅም አንገት፣ አናታቸው ላይ ቀይ ነጥብ፣
ጉሮሯቸው የዛገ በር፣ ሲጢጥ የሚል።
«አጉር» አለች ኦስናት። «በአማርኛስ ማን ትባላለች?»
ጋሪው ሙሉ ሰው ዝም።
እናውቃታለን እኮ! ደንቢያ፣ ሽምብራ ማሳ ላይ ትወርዳለች፣
አባቴ ስንት ጊዜ ረግሟታል።
«ሽመላ ናት» አለ አንዱ። «ሽመላስ ነጭ ናት፣ ዓይንህን ያብራልህ!»
«ዳክዬ» አለ ሌላው፤ በሳቅ ፈረስን።
ገላነው ግንባሩን ይመታል፤ «ምላሴ ጫፍ ላይ፣ እዚህ ጫፉ ላይ...»
ስሟም እንደ ራሷ ነው፣ ቀረብ ሲሉት ብድግ ይላል።

«ድሮ ጥቂት ቀን አርፈው ወደ እናንተ አገር ይወርዱ ነበር» አለች ልጅቷ፤
«አሁን በቆሎ ስለሚሰፈርላቸው ብዙዎቹ እዚሁ ይከርማሉ።»
የእናንተ አለች። የእኛ አላለችም።
አንጓች በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ፤
«አየሽ» አለች፣ «በበቆሎ።»
ሌላ አልጨመረችም። እኔም አልጨመርሁም።

ሦስተኛው ቀን ዝናብ። አርቤል አፋፍ ላይ ጃንጥላችን ተገለበጠ፤
ታች የገሊላ ባሕር፣ ታጥቦ እንደ ተጨመደደ ሸማ፣ ከተራሮቹ መሀል ተሰጠ።
ቁልቁለቱ ላይ ገላነው ጮኸ፦ «አገኘኋት! አገኘኋት!»
ስሟን ጠራ። «እሷ! እሷው ናት!» አልን፣ እንደ ጠፋ ዘመድ ተቀበልናት።
ኦስናት መዳፏ ላይ በዕብራይስጥ ፊደል ጻፈችው፤
ሁለቴ አስደገመችን፣ ከንፈሯን አሹላ ሞከረችው።

ባሕሩ ዳር ስንደርስ ፀሐይ ወጣች።
የአንጓችን ጫማ አወለቀችላት፣
ጎንበስ ብላ ውሃ በእፍኟ ዘግና፣ ያበጠ ጉልበቷ ላይ አፈሰሰችላት፤
ደግማ፣ ደጋግማ።
የእጇን ቀለም ያየ የለም።

ጥብርያዶስ ከኋላችን መብራቷን ስታበራ
ኦስናት አውቶቡሱ መሀል ቆማ መዳፏን ገለጠች፦
ሰማያዊ ጥላ ብቻ፣ ከደም ሥሯ የተደባለቀ።
«አቶ ገላነው?»
አፉን ከፍቶ አንቀላፍቷል።
ወደ እኔ ዞረች። እኔም አፌን ከፈትሁ፤
ቃሉ መጣ፣ ዞረ፣ ዝቅ አለ፣
የክንፉን ንፋስ ጉንጬ ላይ ሰማሁት፤
አረፈ ግን አልልም።

«ቂርያት ጋት ሳንደርስ ይነቃል» አልኋት፤
«ተቀመጪ ልጄ፤ መንገዱ ገና ነው።»